ወረንጦ ያላሳረፋቸው ዓይኖች

ጳጉሜን 3 ቀን የመልአኩ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው። በዚህ ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ሕፃናት ከየቤታቸው ወጥተው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ይታጠባሉ፤ እናቶችም ዕቃ ደቅነው ውኃውን ይቀበላሉ። በመጽሐፈ ጦቢት እንደምናነበው ይህ መልአክ ከዓይን ፈውስ ጋር የተያያዘ ስም አለው። ጦቢት ከቅጥሩ ሥር ተኝቶ ሳለ የወፍ ኩስ በዓይኖቹ ላይ ወርዶ ነጭ ነገር ጋረዳቸው። ሐኪሞችም ሊረዱት አልቻሉም። ከዓመታት በኋላ ልጁ ጦብያ ከሩቅ አገር ሲመለስ መልአኩ ባስተማረው መሠረት የዓሣ ሐሞት ቀባውና ነጩ ነገር ከዓይኖቹ ተገፎ ወደቀ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ። መልአኩ ፈውሱን በቃሉ ብቻ ሊያደርገው ሲችል፣ ከወንዝ በተያዘ ዓሣ፣ በሚቀባ መድኃኒትና በሰው እጅ እንዲሆን አደረገ።

ይህን ታሪክ ያስታወስነው ስለ ደሃና ለመናገር ነው። ደሃና በዋግ ኽምራ ዞን የሚገኝ ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው አምደወርቅ ይባላል። አገሩ ተራራና ገደል የበዛበት ነው። ዝናቡ አጭር፣ በጋው ረጅም በመሆኑ ድርቅ የሚመላለስበት ምድር ነው። በዚህ አገር የሰውን ዓይን በነጭ የሚጋርደው የወፍ ኩስ ሳይሆን፣ የጤና ባለሙያዎች ትራኮማ፣ ሕዝቡም የዓይን ማዝ የሚለው በሽታ ነው።

በሽታው የሚጀምረው በሕፃንነት ነው። ዓይን የማይታይ ተሕዋስ በላይኛው የዓይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ገብቶ ያስቆጣዋል። ዓይን ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ዓይናር ያወጣል። ተሕዋሱ ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚሸጋገረው በእጅ፣ ፊት በሚጠረግበት የነጠላ ጫፍና በዝንብ ነው፤ ዝንቧም የምትራባው በሜዳ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። አንድ ጊዜ ቢይዝ ራሱ ሊድን ይችላል። ችግሩ መመላለሱ ነው። ለዓመታት እየተመላለሰ ሲያቆስል የሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳውም እየተኮማተረ የሽፋኑን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ያን ጊዜ ዓይንን ለመጠበቅ የተፈጠረው ሽፋሽፍት ተመልሶ የዓይን ጠላት ይሆናል። በእያንዳንዱ ርግብታ ፀጉሩ የብሌኑን ብርሃን አሳላፊ ክፍል ይፍቀዋል። የመጨረሻው ውጤት ነጭ ጠባሳና ዕውርነት ነው። ወደዚያ እስኪደርስ ያለው ሕመም ግን አሥርና ሃያ ዓመት የሚዘልቅ ነው፤ ስለዚህ ሕመምም የሚነገረው ጥቂት ነው።

በዋግ ደጋማ ቀበሌዎች የሚጓዝ ሰው በእናቶች አንገት ላይ፣ ከማተቡ ጋር ወይም በሌላ ክር የተንጠለጠለች ትንሽ ወረንጦ ያያል። የእሾህ መንቀያ ይመስለዋል። እሾህም ይነቀልባታል፤ አብዛኛው ሥራዋ ግን የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት መንቀል ነው። ዓይኗ የደከመ እናት ራሷ መንቀል ስለማትችል ልጇን ወይም ጎረቤቷን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ራሷን በጉልበቷ ላይ አስደግፋ ታስነቅላለች። ወደ አምደወርቅ አቅጣጫ ስንጓዝ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ከእንዲህ ያሉ አንዲት መነኩሲት ጋር ተቀምጠን ነበር።

«እማሆይ፣ ከተነቀለ በኋላ ስንት ቀን ያሳርፍዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሰሞኑን ያሳርፈኛል፣ ልጄ። ሲበቅል ግን እንደ እሾህ ሆኖ ነው የሚመጣ።»

«ጤና ጣቢያ አልታዩም?»

«ዓይን በምላጭ ይነካል እንዴ? የተረፈችኝን ብርሃን ልጨርሳት?»

እማሆይ ስለ ወረንጦው የተናገሩት ልክ ነው። የተነቀለ ፀጉር በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። ጥርሷ ያልገጠመ ወረንጦ ደግሞ ፀጉሩን ከሥሩ ሳትነቅል ትሰብረዋለች፤ የተሰበረውም ጉጥ ከረጅሙ ይልቅ ይወጋል። ይሁን እንጂ ወረንጦን ማናናቅ አይገባም። በአማራ ክልል 1300 ያህል ሰዎች የተሳተፉበትና በ2004 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ጥቂት ፀጉሮች ብቻ የተቀለበሱባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ጥራት ያለው ወረንጦ ተሰጥቷቸው የሚነቅልላቸው የቤተሰብ ሰው እንዲሠለጥን አድርጎ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁኔታቸው የተባባሰባቸው በወረንጦው ወገን ከመቶ 13፣ በቀዶ ሕክምናው ወገን ከመቶ 2 ያህል ነበሩ። በማየት ኃይል ረገድ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ሕመሙ ገና የጀመረውና ቀዶ ሕክምናን የፈራ ሰው በደህና ወረንጦ፣ በደህና እጅ ቢነቅል ዓይኑን ያቆየዋል፤ ብዙ ፀጉር የተቀለበሰበት ሰው ግን በወረንጦ ሊያመልጥ አይችልም።

የእማሆይ ፍርሃት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ምላጩ ብሌኑን አይነካም። የሚቆረጠው ሽፋኑ ነው። ባለሙያው ሽፋኑን በመርፌ ያደነዝዝና ጠርዙን ወደ ውጭ መልሶ በክር ይሰፋዋል፤ ፀጉሩም ከብሌኑ ይርቃል። ሥራው ለአንድ ዓይን ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በክልሉ ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ለዚሁ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ነርሶች ናቸው፤ ታካሚውም ገንዘብ አይከፍልም። እርግጥ ነው፣ ፀጉሩ ተመልሶ የሚቀለበስባቸው አሉ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው በ1000 ታካሚዎች ላይ አካሂደው በ2008 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ሽፋኑ ከነቆዳው ዘልቆ ሲቆረጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 22 ያህሉ ሲመለስባቸው፣ ከውስጥ በኩል ብቻ ሲቆረጥ ግን ከመቶ 13 ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ውጤት የቀዶ ሕክምናውን ሥልጠና ወደ ሁለተኛው ዘዴ እንዲያዘነብል አድርጎታል።

ቀዶ ሕክምናው የጠፋ ብርሃን አይመልስም፤ ይህንም ሳይሸሽጉ መንገር ይገባል። የሚመልሰው ዕረፍትን ነው። እሳት ዳር ተቀምጦ እንጀራ መጋገርን፣ በፀሐይ ወጥቶ ማረምን፣ ሌሊት ሳያለቅሱ መተኛትን ይመልሳል። በዓለም ጤና ድርጅት ገለጻ መሠረት በትራኮማ የሚታወሩት ሴቶች ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳሉ፤ ምክንያቱም ሕፃን የሚያዝለው፣ የሚያጠባው፣ ከታመመው ልጅ ጋር አብሮ የሚተኛው እናት ናት። ደግሞም ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ቀን የማታገኘው እርስዋ ናት። ከብቱን ማን ይጠብቅ፣ ውኃውን ማን ይቅዳ፣ ዓይኗ በታሸገበት ዕለት ማን እጇን ይዞ ይመልሳት? ብዙዎች የሚቀሩት መዳንን ጠልተው አይደለም፤ ይህን የሚመልስላቸው ሰው አጥተው ነው።

መንገዳችንን ትንሽ አቋርጠን ለከተማ አንባብያን አንድ ነገር እንጠቁም። የዓይን ሽፋን መቆጣት ሁሉ ትራኮማ አይደለም። ጠዋት ሲነሱ ሽፋሽፍታቸው ተጣብቆ፣ ሥሩ ላይ ፎረፎር መሰል ቅርፊት ይዞ፣ ዓይናቸው እያሳከከ የሚቸገሩ ብዙዎች ናቸው። ይህኛው የሽፋን ጠርዝ መቆጣት ነው፤ አያሳውርም ማለት ይቻላል፤ ፈጽሞ ድኖ የሚቀር ግን አይደለም። በለብ ያለ ንጹሕ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ በተዘጋ ዓይን ላይ ማድረግ፣ ከዚያም የሽፋሽፍቱን ሥር በቀስታ ማጽዳት፣ ይህንም በየቀኑ ሳይሰለቹ ማድረግ ያሳርፋል። ካላሳረፈ ሐኪም ማየት ነው። የሰው ኩል መዋስና በፎጣ መዋዋስ በሁለቱም ሕመም ጎጂ ነው።

ወደ ዋግ እንመለስ። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ከመቶ 40ው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ከመቶ 62 በላይ ሆኖ ተገኘ። ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ ከካርተር ማዕከል ጋር በመተባበር ትራኮማንና ወባን በአንድ ሳምንት የሚዘምትበት ሥርዓት አቋቁሞ፣ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በነፃ የሚሰጠውን አዚትሮማይሲን በየመንደሩ ሲያድል ቆይቷል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጣል። በብዙ ወረዳዎች በሽታው ቀነሰ። ዋግ ኽምራ ግን ከአሥር ዓመት ዕደላ በኋላም አልለቀቀውም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ዞኑ ገባ። ሰው ተፈናቀለ፣ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ዕደላውም ተስተጓጎለ። በዓለም ደረጃ ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ለማውጣት ለእ.ኤ.አ. 2020 ተቆርጦ የነበረው ቀን ወደ 2030 የተሻገረው እንዲህ ባሉ አገሮች ምክንያት ነው።

«ፊታቸውን ቢታጠቡ ይድኑ ነበር» የሚል ፍርድ በከተማ በቀላሉ ይነገራል። ይህን የሚሉ ወገኖች በዚሁ በዋግ ኽምራ የተደረገውን ሊሰሙ ይገባል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ 40 የገጠር መንደሮች ተመርጠው፣ በግማሾቹ የውኃ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሳሙና ታደለ፣ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ሕዝቡ ተመከረ፣ ሕፃናት የፊት አስተጣጠብ ተማሩ። ሦስት ዓመት ተጠብቆ በሕፃናቱ ዓይን ያለው ተሕዋስ ሲመረመር፣ ሥራው በተሠራባቸውና ባልተሠራባቸው መንደሮች መካከል ልዩነት አልታየም። ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. ታተመ። እኛ ይህን የምንረዳው ውኃ ከንቱ ነው ብለን አይደለም፤ ውኃ ለብዙ ነገር ያስፈልጋል። ለትውልድ የቆየ በሽታ ግን በሦስት ዓመት ሳሙና አይወጣም። መድኃኒቱ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ፊት መታጠቡና መጸዳጃው አብረው፣ ለረጅም ዘመን መዝለቅ አለባቸው። ጀሪካን አዝላ ቁልቁለት ወርዳ አቀበት የምትወጣ እናት ከዚያች ውኃ ለልጇ ፊት ስታካፍል ምን ከምን እንደምትቀንስ የምታውቀው ራሷ ናት፤ ስንፍና የሚለው ቃል ለእርስዋ አይገባም።

ስለ ጸበልም አንድ ቃል እንበል። በጸበል ቦታ ዓይናቸውን ይዘው የሚሰነብቱ ምእመናን በዋግም በሌላም ቦታ ብዙ ናቸው። ጸበል የተጠመቀ ሰው ጤና ጣቢያ እንዳይሄድ የሚከለክል ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን የለም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በጸበሉ ቦታ ያሉ አባቶች ዓይኑ የሚያለቅስ ሰው ሲመጣ ሽፋኑን ገለጥ አድርገው ፀጉሩ ተቀልብሶ እንደሆነ ቢያዩና «ከዚህ ስትወርድ ጤና ጣቢያ ታይ» ቢሉት፣ ከብዙ ዘመቻ የሚበልጥ ሥራ ይሠራሉ። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የሚነገር ቃል የሚሰማው ያህል የሌላ ሰው ቃል በዚያ አገር አይሰማምና።

ለእማሆይም ይህንኑ ነገርናቸው። በመንደራቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት የዳነች ሴት እንዳለች ያውቁ ነበር፤ ከእርስዋ ጋር ተነጋግረው አያውቁም። ሂደው እንዲጠይቋት ተስማማን። ለሚሄዱ ሁሉ ማወቅ የሚገባቸው ጥቂት ነገር አለ። አብሮ የሚመለስ ሰው ይዞ መሄድ፣ በማግሥቱ ፋሻውን ለማስፈታት መመለስ፣ የተሰጠውን ቅባት እስኪያልቅ መቀባት፣ ክሩ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ በተቀጠረው ቀን ማስወጣት ያስፈልጋል። ከወራት በኋላ ፀጉሩ እንደገና ሲወጋ የተሰማው ሰው ወደ ወረንጦው ሳይመለስ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ይመለስ፤ የከበደውንም ጤና ጣቢያው ሰቆጣ ወዳለው ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይልከዋል።