እጅ ከኪቦርድ ሳይነሳ፦ ቪም እና የጽሑፍ ማረም ፍጥነት

ጽሑፍ ወይም የፕሮግራም ኮድ በኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው አዲስ ነገር በመጻፍ ይመስላል፤ ሥራው በቅርብ ሲታይ ግን የሚበዛው የተጻፈውን ማንበብ፣ ከቦታ ቦታ መዘዋወር፣ ቃል መለወጥ፣ መስመር መሰረዝና ማዛወር ነው። ቪአይ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራምና ወራሹ ቪም የተመሠረቱት በዚህ ሐቅ ላይ ሲሆን፣ የሚሠሩትም በተርሚናል፣ ማለትም ሥዕላዊ ምልክቶች በሌሉበትና ትእዛዝ ሁሉ በኪቦርድ በሚሰጥበት መስኮት ውስጥ ነው። ማውስ አይፈልጉም።

ቪአይን እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፈው ያን ጊዜ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቢል ጆይ ነው። ጆይ ከቤቱ ሆኖ የሚሠራበት፣ በስልክ መስመር የሚያገናኘው ሞደም በሰከንድ 30 ያህል ፊደላት ብቻ ያስተላልፍ ስለነበር፣ እያንዳንዳቸው 80 ፊደል የሚይዙ 24 መስመሮች ያሉትን ስክሪን ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር፤ በዚህ ሁኔታ አንድን ለውጥ በጥቂት ቁልፎች መግለጽ ግዴታ እንጂ ምርጫ አልነበረም። ዛሬ የቪም ወዳጆች እንደ ጥበብ የሚያደንቁት ቁጥብነት የተወለደው ከስልክ መስመር ዘገምተኛነት ነው ማለት ይቻላል። ጆይ የተጠቀመበት ኤዲኤም-3ኤ የተባለ፣ ስክሪንና ኪቦርድ ያለው የተርሚናል መሣሪያ ደግሞ የቀስት ምልክቶቹ የታተሙት ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል በተባሉት የፊደል ቁልፎች ላይ ስለነበር፣ ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ለመሄድ እነዚሁ ቁልፎች እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። በዚያ ተርሚናል ላይ ኢስኬፕ የሚባለው ቁልፍ ዛሬ ታብ ባለበት ስፍራ ነበረ፤ አሁን ወደ ጥግ በመገፋቱ ብዙ ተጠቃሚዎች እምብዛም የማያስፈልጋቸውን ካፕስ ሎክን ኢስኬፕ አድርገው ይቀይሩታል።

የቪአይ ዋና መለያ ሞድ የሚባለው ነገር ነው፤ ሞድ ማለት አንድ ቁልፍ ሲመታ ምን እንደሚከተል የሚወስነው የፕሮግራሙ ሁኔታ ነው። በመጻፊያው ሞድ እያንዳንዱ ቁልፍ እንደ ማንኛውም ኪቦርድ ፊደሉን ያወጣል፤ ኢስኬፕ ሲመታ ግን ፕሮግራሙ ወደ ትእዛዝ ሞድ ይመለስና ያው ፊደል ሥራ ይሆናል። ፊደላቱ በሙሉ ለትእዛዝ ነጻ ስለሚሆኑ፣ በሌሎች ፕሮግራሞች እንደሚደረገው ሁለትና ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ፍጥነቱ የሚመጣው ግን ከጣት ቅልጥፍና ሳይሆን ትእዛዞቹ እንደ ቋንቋ ከመገጣጠማቸው ነው። ዲ መሰረዝን፣ ሲ መለወጥን፣ ዋይ መቅዳትን የሚያመለክቱ ግሦች ሲሆኑ፣ ደብሊው እስከሚቀጥለው ቃል፣ የዶላር ምልክት ደግሞ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን ክፍል ይወክላሉ፤ ከአማርኛ በተቃራኒ እዚህ ግሡ ይቀድማል። ስለዚህ ዲ እና ደብሊው ቃል ይሰርዛሉ፣ በመካከላቸው 3 ቢገባ ሦስት ቃላት ይሰረዛሉ፤ በቪም ደግሞ ሲ፣ አይ እና የትእምርተ ጥቅስ ቁልፍ በተከታታይ ሲመቱ በጥቅሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ለአዲስ ጽሑፍ ቦታው ይከፈታል። አምስት ግሥና አሥር የጽሑፍ ክፍል ያወቀ ሰው ሃምሳ ትእዛዞችን አወቀ ማለት ነው፤ ግማሾቹን ከዚያ በፊት አይቷቸው ባያውቅም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው የነጥብ ቁልፍ ነው፤ ሥራው የመጨረሻውን ለውጥ መድገም ብቻ ነው። በረጅም ሰነድ ውስጥ አንድ ስም በአንዳንድ ቦታ መታረም፣ በሌላው ደግሞ እንዳለ መቆየት ቢኖርበት፣ አራሚው ስሙን በፍለጋ አግኝቶ አንድ ጊዜ ያርመዋል፤ ከዚያ በኤን ቁልፍ ወደሚቀጥለው እየዘለለ፣ መታረም ያለበት ላይ ሲደርስ ነጥብን ይመታል፣ የሌለበትን ያልፋል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚተካ ትእዛዝም አለ፤ ማመዛዘን የሚጠይቀውን ሥራ ግን የነጥቡ መንገድ በአነስተኛ አደጋ ይሠራዋል።

ይህ አሠራር ተቃዋሚ አላጣም። በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ቆርጦ መለጠፍ የሚባለውን ዘዴ ካዳበሩት አንዱ የሆነው ላሪ ቴስለር ሞድን አጥብቆ ከመቃወሙ የተነሣ፣ «ኖ ሞድስ» የሚለውን መፈክር በመኪናው ታርጋ ላይ ሳይቀር አስጽፎ ነበር። ክርክሩ መሠረት አለው፦ በየትኛው ሞድ እንዳለ የዘነጋ ሰው ቃል ጻፍኩ ብሎ መስመር ሊሰርዝ ይችላል፤ ጀማሪውም ከፕሮግራሙ መውጫው ይጠፋዋል። በሳምንት አንድ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ይህን ሁሉ ሊማር የሚገባበት ምክንያት የለም፤ ቀኑን ሙሉ ኮድ የሚያርም ወይም በሩቅ ያለ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ ግን ሌላ ነው፣ ቪአይ ወይም ቪም ዩኒክስ ከተባለው ሥርዓተ ክወና በመነጩ ሥርዓቶች በሚሠሩ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኖ ይገኛልና። ከቪም ጋር አብሮ የሚመጣው ቪምቲዩተር የተባለ መለማመጃ መሠረታዊውን በግማሽ ሰዓት ገደማ ያሳያል።

ቪምን እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ኔዘርላንዳዊው ብራም ሞሌናር በ2023 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ሲያሻሽለው ኖሯል። ፕሮግራሙ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ተጠቃሚዎች በምትኩ በኡጋንዳ ለሚገኙ ችግረኛ ሕፃናት እንዲለግሱ ይጋብዛል።

ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ልዩ ችግር አለ። የአማርኛ ኪቦርድ ክፍት ሳለ ኢስኬፕ ቢመታም፣ በትእዛዝ ሞድ የዲ ቁልፍ «ድ»ን ስለሚያስገባ ትእዛዙ አይሠራም፤ ተጠቃሚውም በየጊዜው ቋንቋ ሲቀያይር ያተረፈው ፍጥነት ሁሉ ይባክናል። መፍትሔው ቋንቋውን ለኮምፒውተሩ ሳይሆን ለቪም መተው ነው፦ ቪም ኪማፕ በተባለው ቅንብሩ የቁልፍና የፊደል ዝምድና የተጻፈበትን ፋይል ሲያገኝ፣ ግእዙን ፊደል የሚያወጣው በመጻፊያው ሞድና ከተፈለገም በፍለጋ መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ኢስኬፕ ሲመታ ቁልፎቹ በራሳቸው ወደ ትእዛዝነታቸው ይመለሳሉ። ከዚህ በኋላም የሚቀር ነገር አለ፤ ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት ስለሚመድብ፣ እንደ «ጪ» እና «ሠ» ያሉ ሰፋፊ ፊደላት እንደ ፎንቱ ዓይነት ሊጨመቁ ወይም ጎረቤታቸው ላይ ሊወጡ ይችላሉ፤ በመሆኑም ረጅም የአማርኛ ድርሰት በቪም ከማዘጋጀት በፊት ተስማሚ ፎንት መፈለግ ይቀድማል።