የጣት ፍጥነትና የዲጂታል ችሎታ

ለመሆኑ የዲጂታል ችሎታ ሲባል ምን ማለት ነው? በየመኝታ ክፍሉ እንደሚወራው ከሆነ በስልክ ቶሎ ቶሎ መጻፍና የፈለጉትን ማውረድ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 25 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ 10 የታሪክ ምሁራንና 10 መረጃ አጣሪ ባለሙያዎች የኢንተርኔት ገጾችን ሲመዝኑ ያጠኑትን አቀረቡ። ከገጾቹ መካከል የሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት ይገኙበታል። አንደኛው በ1930 የተቋቋመና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ነው። ሁለተኛው በ2002 ከእርሱ የተገነጠለ ትንሽ ቡድን ነው። ታዲያ ከተማሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ትንሹን ይበልጥ አመኑት! ገጹ አምሮ የተሠራ፣ ማጣቀሻም የተደረደረበት ነበራ። እነዚህ ልጆች እኮ ከኮምፒዩተር ጋር ያደጉ ናቸው። ከምሁራኑም የተደናገሩ ነበሩ።

አጣሪዎቹስ? ገጹን ብዙም ሳያነቡ ትተውት ወጡ። ሌላ ገጽ ከፍተው «ይህን የሚለው ማነው? ሌሎችስ ስለ እርሱ ምን ይላሉ?» ብለው ፈለጉ። ለማንበብ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ ግን አሳይመንት ሲታዘዝ መጀመሪያ የመጣው ገጽ ይገለበጣል። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል፤ አሳምሮ ይመልሳል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ያልተጻፈ መጽሐፍ ይጠቅሳል። ርዕሱን ይዞ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ስንቱ ነው? ነገ ይኸው ስሕተት በእኛው እጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ሕፃናቱም ወደ ደብተራቸው ይገለብጡታል።

መምህራኖቻችን በየአሳይመንቱ ላይ «ምንጩን እንዴት አጣራችሁ?» የሚል ጥያቄ ቢጨምሩ ምን ይመስላቸዋል? ማርክ ቢያዝበትም አንቃወምም።