የኮርማን ዘር በብርድ አጽንቶ ስለ ማቆየት

የከብት ርቢ ለአገር ሀብት ዋና መሠረት መሆኑን የሚጠራጠር የለም፤ የመንጋውም መሻሻል የሚጀመረው ከኮርማው ነው። አንዲት መልካም ላም በዕድሜዋ የምትሰጠው ጥጃ ጥቂት ሲሆን፥ አንድ መልካም ኮርማ ግን ለብዙ ላሞች ይበቃልና ጠባዩ በመንጋው ሁሉ ይታያል። ነገር ግን ኮርማ ያረጃል፥ ይታመማል፥ ይሞታል፤ በመስክም የሚያጠቃቸው ላሞች በዓመት ከ30 እስከ 50 ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ዘሩን ከራሱ ከኮርማው ዕድሜ አሳልፎ ማቆየት የሚቻልበት ብልሃት መገኘቱ ለከብት አርቢ ታላቅ በር ከፍቶለታል። ይህ በር ግን በጥንቃቄ ካልተጠበቀ ያለ ድምፅ የሚዘጋ ስለ ሆነ፥ የየወረዳው ሹማምንት ነገሩን ከነምክንያቱ ማወቃቸው ይገባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርድ የወንድን ዘር እንደሚያስተኛ አስቀድሞ ያስተዋለው ላዛሮ ስፓላንዛኒ የተባለ የኢጣልያ ሊቅ ነው። በ1776 ዘርን በበረዶ አቀዝቅዞ ቢመለከተው መንቀሳቀሱን አቆመ፤ ባሞቀው ጊዜም እንደ ገና ተንቀሳቀሰ። ይሁን እንጂ ዘርን በጽኑ ብርድ ለብዙ ጊዜ አቆይቶ በሕይወት ማስነሣት ሳይቻል ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ አለፈ። ምክንያቱም ውሃ በረዶ ሲሆን እንደ መርፌ እየሾለ የዘሩን ሽፋን ይወጋዋል፤ በረዶ ሳይሆን የቀረው ጥቂት ውሃም ጨውነቱ እየበረታ ዘሩን ያቃጥለዋል።

በ1940 ፊሊፕስና ላርዲ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት የእንቁላል አስኳል የኮርማን ዘር ከድንገተኛ ቅዝቃዜ ጉዳት እንደሚጠብቀው ገለጹ። በ1949 ደግሞ ክሪስቶፈር ፖልጅ፥ ኦድሪ ስሚዝና አለን ፓርክስ በለንደን የአውራ ዶሮ ዘር ሲመረምሩ፥ የስኳር ውሃ ነው ብለው የተጠቀሙበት ጠርሙስ ስሙ ተሳስቶ የተለጠፈበትና ውስጡ ግሊሰሪን ያለበት ሆኖ ተገኘ። ግሊሰሪን ወደ ዘሩ ውስጥ ገብቶ ውሃው እንደ መርፌ እንዳይሾል ስለሚከለክል፥ ዘሩ ከጽኑ ብርድ በሕይወት ተነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላም በ1951 በዚሁ መንገድ ከቆየ የኮርማ ዘር ጥጃ በእንግሊዝ አገር ተወለደ። ጥበቡ ለሰውም ጠቅሞ፥ በ1953 በአሜሪካ ከቆየ ዘር የመጣ እርግዝና ተነገረ፤ ዛሬም የመውለድ ኃይልን የሚያጠፋ የነቀርሳ ሕክምና የሚጠብቃቸው ወንዶች አስቀድመው ዘራቸውን ያስቀምጣሉ።

የአሠራሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከበሽታ ንጹሕ መሆኑ የተመረመረ ኮርማ ዘሩ ይወሰዳል፤ በአስኳልና በግሊሰሪን ተበርዞም እያንዳንዳቸው ሩብ ወይም ግማሽ ሚሊ ሊትር በሚይዙ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቀሰሞች ይሞላል። በአንድ ጊዜ የተወሰደው ዘር ብዙ መቶ ቀሰም ሊሞላ ይችላል። ከዚህ በኋላ ብርዱ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ይቀመጣል። ሲቀዘቅዝ ከዘሩ ግማሽ ያህሉ ቢሞትም፥ የተረፈው በዚያ ብርድ ውስጥ እስካለ ድረስ አያረጅም። ለዚህም ምስክር የሚሆነው በአውስትራሊያ የታየው ነው፤ በ1968 በሲድኒ የተቀመጠ የአውራ በግ ዘር ከ50 ዓመት በኋላ ወጥቶ ለ56 በጎች ቢሰጥ 34ቱ ፀነሱ።

በሰው ሠራሽ መንገድ ማዳቀል በ1938 በአስመራ ተጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ፤ በ1952ም እንደ ገና ተቀጠለ። ነገር ግን ዘሩንና ናይትሮጂኑን ከውጭ አገር የማስመጣቱ ወጪ ስለ ከበደ ዳግመኛ ቆመ። ከ1967 ጀምሮ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ ሥራው ተነሣ፤ በ1980ዎቹም ለአገሪቱ በሙሉ የሚያገለግል ማእከል በቃሊቲ ተቋቋመ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሥራው የሚጸናው ኮርማ በመገኘቱ ብቻ ሳይሆን ብርዱ ሳይቋረጥ በመቅረቡ ነው።

ፈሳሹ ናይትሮጂን በዕቃው ውስጥ ሳለ ቀን በቀን እየተነነ ይጎድላል። ሳይሞላ ቀርቶ ቢያልቅ፥ የብዙ ዓመት ድካም በአጭር ጊዜ ይጠፋል። የከፋው ነገር የሞተው ዘር ከሕያው ዘር በመልክ አለመለየቱ ነው፤ ቀሰሙ ያው ቀሰም ነው፥ ዘሩም ተመልሶ ቢቀዘቅዝ አይነሣም። ገበሬው ላሙን ያስደቅላል፥ ላሚቱም አትፀንስም፤ ከ21 ቀን በኋላ ኮርማ ስትፈልግ ጥፋቱ የእርስዋ ወይም የአዳቃዩ ይመስለዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ የዓመት ወተትና ጥጃ ቀረበት፥ ሥራውንም ዳግመኛ አያምንም።

ስለዚህ ዘር በተቀመጠበት ሥፍራ ሁሉ፥ የተወሰነ ኃላፊ በየሳምንቱ መለኪያ ዘንጉን ወደ ዕቃው አስገብቶ፥ ሲያወጣው ውርጭ የያዘበትን ከፍታ አይቶ በመዝገብ እንዲጽፍ ማዘዝ ይገባል። የመኪና መበላሸት ወይም የክረምት መንገድ ሊያዘገይ ስለሚችል፥ ናይትሮጂን የሚጠየቀው ዕቃው ሳይጎድል በፊት ይሁን። ዕቃው ነፋስ በማይገባበት ክፍል አይቀመጥ፤ የሚተነው ናይትሮጂን አየሩን ገፍቶ ሰውን ሊገድል ይችላልና። ቀሰሙ ሲወጣ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ይቀልጥ፥ ሳይዘገይም ይሰጥ። ጧት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ላም ከሰዓት በኋላ፥ ማታ የታየችውም በማግሥቱ ጧት ትዳቀል። የኮርማው ቁጥር ሁልጊዜ ይጻፍ፤ አለዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ኮርማው በገዛ ልጁ ላይ ይደገማል።

የሚቀመጠውም የውጭ አገር ኮርማ ዘር ብቻ ሊሆን አይገባም። የቦረና ከብት ድርቅን፥ የሸኮ ከብት የገንዲን በሽታ በመቋቋም የታወቁ ናቸው፤ የፎገራም ከብት በጣና ዳር ያለውን ረግረግ የለመደ ነው። እነዚህ ከሌላ ዘር ጋራ እየተደባለቁ ከጠፉ በገንዘብ ተገዝተው አይመለሱም። በየአውራጃው ንጹሕ ዘር ያለው ኮርማ የሚገኝበትን መንደር መዝግቦ፥ ኮርማው ሳይሸጥና ሳይታረድ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ትንሽ ድካም ነው፤ ጥቅሙ ግን ገና ላልተወለደ ትውልድ ይደርሳል።