ኩባንያን ጠቅልሎ ለመግዛት የሚቀርብ ጥያቄ የአክሲዮንን ዋጋ እንዴት እንደሚለውጥ

ኩባንያ ማለት ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው በአንድነት የሚያቆሙት የንግድ ማኅበር ነው። የያንዳንዱም ሰው ድርሻ አክሲዮን ይባላል። አክሲዮን በገበያ በሚሸጥበት አገር ዋጋው ኩባንያው ወደ ፊት ያተርፋል ተብሎ እንደሚታሰበው መጠን በየቀኑ ይወጣል፥ ይወርዳል። በአገራችንም በጥር ወር 2017 ዓመተ ምሕረት እንዲህ ያለ ገበያ በአዲስ አበባ ስለ ተከፈተ፥ አክሲዮን ያለው ሰው ሁሉ የዋጋውን ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል። አንድ ባለጸጋ ወይም ሌላ ኩባንያ መጥቶ «ሁሉን ጠቅልዬ እገዛለሁ» ያለ እንደ ሆነ፥ ዋጋው የቀድሞ ልማዱን ይተዋል።

ጠቅልሎ የሚገዛ ሰው ከገበያው ዋጋ በላይ ጨምሮ ይሰጣል። ጥቂት አክሲዮን የገዛ የትርፍ ተካፋይ ይሆናል እንጂ አዛዥ አይሆንም፤ ሁሉን የገዛ ግን ሹም ይሽራል፥ ይሾማል፥ ሥራውን እንደ ወደደ ይመራል። ደግሞም በዛሬው ዋጋ ለመሸጥ የፈቀደ ሁሉ አስቀድሞ በሸጠ ነበር። አንድ በሬ የሚሻ ሰው ከገበያ ወርዶ ይገዛል፤ የአገሩን በሬ ሁሉ የሚሻ ግን መሸጥ ያላሰበውንም ገበሬ ደጅ መጥናት አለበት።

በአሜሪካ በትዊተር ኩባንያ የሆነው ነገር ይህን በግልጥ ያሳያል። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2022 ዓመት ኤፕሪል 1 ቀን፥ ዓርብ፥ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 39 ዶላር ከ31 ሳንቲም ነበረ። ኢሎን መስክ የተባለው ባለጸጋ ከመቶው 9 እጅ ያህል መያዙ ሰኞ ሲገለጥ፥ የግዥ ጥያቄ ገና ሳይቀርብ፥ ዋጋው በዚያው ቀን ወደ 50 ዶላር ወጣ። ዓርብ የሸጠ ሰው ምን እንዳመለጠው ሰኞ ዐወቀ።

በኤፕሪል 14 ቀን መስክ ለያንዳንዱ አክሲዮን 54 ዶላር ከ20 ሳንቲም እከፍላለሁ አለ። ዋጋው ወዲያው 54 ይደርሳል ብሎ የሚገምት ይኖራል፤ ገበያው ግን በዚያ ቀን በ45 ዶላር ገደማ ተዘጋ። ገንዘቡን ከወዴት ያመጣል፥ የኩባንያው ቦርድስ እሺ ይላልን ብሎ ተጠራጥሮ ነበርና። ቦርዱ በ25 ቀን ሲቀበል ዋጋው 51 ዶላር ከ70 ሳንቲም ሆነ። ውል ተፈርሞም ቢሆን ገንዘቡ የሚከፈለው ከወራት በኋላ ስለ ሆነ፥ የባለ አክሲዮኖችና የመንግሥት ፈቃድም ስለሚያስፈልግ፥ ጥቂት ክፍተት ቀረ። ስለዚህ በቀረበው ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት የጥርጥር ሚዛን ነው። በዚህ ክፍተት ብቻ የሚነግዱ ሰዎችም አሉ፤ ግዥው ቢፈጸም ጥቂት ያተርፋሉ፥ ቢፈርስ ብዙ ይከስራሉ።

በጁላይ 8 ቀን መስክ ውሉን አፈርሳለሁ አለ። በ11 ቀን ዋጋው ወደ 33 ዶላር ወረደ፤ ይህም ከመነሻው እንኳ ያነሰ ነው። በእነዚያ ወራት የመሰሎቹ ኩባንያዎች አክሲዮን ወድቆ ሳለ ትዊተርን ደግፎት የነበረው የግዥው ተስፋ ነበር። ኩባንያው በዴላዌር ፍርድ ቤት ከሰሰ። በኦክቶበር 4 ቀን መስክ በፊተኛው ዋጋ እገዛለሁ ማለቱ ሲሰማ፥ ዋጋው በአንድ ቀን ከመቶ 22 እጅ ያህል ጨምሮ 52 ዶላር ደረሰ። ግዥው በ27 ቀን ተፈጸመ፤ አክሲዮኑም ከገበያ ወጣ። በጁላይ ደንግጦ የሸጠ ሰው በያንዳንዱ አክሲዮን 21 ዶላር ያህል አጣ። የጠበቀው ሰው ያገኘው ግን በዕድል ብቻ አይደለም፤ ውሉ በዳኛ ፊት የሚያስገድድ ሆኖ ተጽፎ ነበር። የቃል ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚከሰስበት ነገር ባልኖረም ነበር።

የገዥው ወገን አክሲዮን ግን ብዙ ጊዜ ይወርዳል፤ ከሚገባው በላይ ይከፍላል ወይም ብዙ ይበደራል ተብሎ ይፈራልና። መስክ የሚመራው የቴስላ ኩባንያ ትዊተርን አልገዛም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ገንዘብ ለማግኘት የቴስላን አክሲዮን ይሸጣል ተብሎ ስለ ተፈራ፥ የትዊተር ቦርድ በተቀበለ ማግስት የቴስላ ዋጋ ከመቶ 12 እጅ ያህል ወረደ። እንደ ተፈራውም መስክ በዚያው ዓመት በብዙ ቢልዮን ዶላር የሚቈጠር የቴስላ አክሲዮን ሸጠ።