የ10 ሚሊዮን ፓውንዱ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ አሮጌ መኪና የእንግሊዝን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አጨቃጨቀ። «ኦልድ ነምበር ዋን» የተባለው የቤንትሌይ መኪና በ1929 እና በ1930 በፈረንሳይዋ ሌ ማን ከተማ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈ ነው። ገዢው 10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊከፍል ተስማምቶ ነበር፤ ኋላ ግን «ይህ ያ መኪና አይደለም» ብሎ አፈገፈገ።

ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። የውድድር መኪና ለሙዚየም አይሠራም፤ ሞተሩ ይወጣል፣ ሻሲው ይቀየራል፣ ቦዲው ይፈርሳል። ይኸኛው ደግሞ በ1932 ብሩክላንድስ የመኪና መወዳደሪያ ላይ ከባድ አደጋ ደርሶበት ሾፌሩ ክላይቭ ደንፊ ሞቷል። ከ1929ኙ መኪና የተረፈ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል።

ዳኛው ግን ለሻጩ ፈረዱ። መኪናው እየታደሰ ሳይቋረጥ ኖሯል፣ ስሙን የሚሻማው ሌላ መኪናም የለም አሉ። የዘር ሐረጉን እንጂ የብረቱን ዕድሜ አልቆጠሩም፤ ዕቃ ለሚቆጥር ሰው ፍርዱ ዛሬም ሳይከነክን አይቀርም።

የጃጓር ጉዳይ የዚህ ግልባጭ ነው። ኩባንያው በ1960ዎቹ ክብደታቸው የተቀነሰ 18 ኢ-ታይፕ መኪኖች ለመሥራት አቅዶ 12 ብቻ ሠራ። ከ2014 ጀምሮ የተረፉትን 6 የሻሲ ቁጥሮች ይዞ አዳዲስ መኪኖች ሠራ። ፋብሪካው ያው፣ ንድፉም ያው፤ ነገር ግን አንዳቸውም በዚያ ዘመን አልተወዳደሩም። ቅጂ ማለት ይከብዳል፤ ታሪካዊ ማለት ደግሞ ይብስ ይከብዳል።

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለታሪካዊ መኪኖች ውድድር የሚሰጠው ፓስፖርት መኪናው ከዘመኑ የቴክኒክ ደንብ ጋር መስማማቱን እንጂ የትውልድ ሐረጉን አያረጋግጥም። ስለዚህ እውነተኛውን ጋራዥ ቆልፎበት በቅጂው የሚወዳደር ባለቤትም አለ።