ያውቁ ኖሯል? ስብ ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በትንፋሽ ነው

ክብደት ስንቀንስ ስቡ ቀልጦ በላብ የሚወጣ ይመስለናል። አይደለም። ሩበን ሚርማን እና አንድሪው ብራውን በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ በኩል ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ወደ ውኃነት ይለወጣል። ታዲያ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ያከሳል? አያከሳም፤ ያዞራል እንጂ። ስቡ የሚቃጠለው ሰውነት ከምግብ ከሚያገኘው የበለጠ ጉልበት ሲጠቀም ነው።

ከስቲም ባዝ ወጥተው ሚዛን ላይ ሲቆሙ የጎደለው ውኃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ ደግሞ ሰውነትን ከልክ በላይ ያግላልና እባክዎ ይተዉት።

“እየጾምኩ እንዴት ወፈርኩ?” የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ድስቱን ይመልከቱ። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ አለበት። ሽሮው ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማንኪያ ይበልጣል።