«እማማ፣ ድነዋል?»

አክስቴን ለማስታመም ሆስፒታል ያደርኩበት ሳምንት ነበር። ከአክስቴ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ተኝተዋል፤ አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ፣ ትራሳቸው ሥር የጠበል ጠርሙስ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣቶች ብርቱካን ይዘው ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ሕመምተኛ ሲጠይቁ ቆዩና እሳቸው ጋ ደረሱ። ልጅቷ እጃቸውን ይዛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ ድነዋል? ዛሬ ማታ ቢሞቱ የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ?» አለቻቸው።

አስታማሚው ሁሉ ጸጥ አለ። ባልቴቷ ግን አልተቆጡም። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ደጁን ጠንቻለሁ። ማስገባቱና አለማስገባቱ የባለቤቱ ነው» አሏት።

«እሱ እኮ ከፍቶታል፤ እኔ እንደምገባ አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ባልቴቷ ትንሽ አሰቡና፣ «እሰይ! እንግዲያው ቀድመሽ ከገባሽ እኔንም አስጠሪኝ» አሉ። ብርቱካኑን ተቀበሉ። ልጅቷም ግንባራቸውን ስማ ሄደች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንዷ «አውቃለሁ» ማለትን እምነት ብላዋለች፤ ለሌላዋ ያው ቃል ድፍረት ነው። ሁለቱም የሚያመልኩት አንድ ክርስቶስን ነው። በአገራችን ይህ ጉዳይ የሊቃውንት ክርክር ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው ከመቶ 10 ያህል ነበር፤ በ1999ኙ ከ18 በላይ ሆነ። ኦርቶዶክሱ በዚያው ጊዜ ከ50 በላይ ከነበረበት ወደ 43 ተኩል ግድም ወረደ። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያሉት እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ አንድ ትሪ የሚቀርቡ ወንድማማቾች ናቸው።

ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። «ዳነ» በግዕዙ ድኅነ ነው። መድኃኒትም፣ መድኃኔ ዓለምም፣ ደኅናም ከዚሁ ሥር ይወጣሉ። ሐኪሙም ሰባኪውም «ዳነች» ይላሉ። ኦርቶዶክሱ «ድኅነት»፣ ፕሮቴስታንቱ «ድነት» ወይም «ደኅንነት» ማለት ያዘወትራል፤ ጆሮው የነቃ ሰው በዚህች ቃል ብቻ የተናጋሪውን ደጅ ይለያል። በየማለዳው «ደኅና አደርክ?» የምንባባለውም ከዚያው ሥር በበቀለ ቃል ነው። መልሳችን ደግሞ «አዎ» አይደለም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ባልቴቷ ለልጅቷ የመለሱላት ይኸንኑ ሳይሆን አይቀርም።

የሁለቱ ደጆች መገናኘት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጀርመን አገር፣ ዊተንበርግ ድረስ ዘልቆ ከማርቲን ሉተር ጋር ተገናኝቶ ነበር። ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ ነው ብሎ ሮምን የተገዳደረው መነኩሴ ኢትዮጵያዊውን ስለ አገሩ ሥርዓተ ቅዳሴ ጠይቆ፣ በሰማው ተደስቶ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሸኘው። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1634፣ ጴጥሮስ ሄይሊንግ የተባለ የሉቤክ ሰው፣ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ባባረሩበት ሰሞን ኢትዮጵያ ገባ። የሉተርን ትምህርት ያመጣው በማስተማርና በሕክምና ነበር። የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 ምጽዋ ደረሱ። ከባርነት ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በእኛ አቆጣጠር በ1951 መካነ ኢየሱስ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻም ከተማሪዎች መነቃቃት ሙሉ ወንጌል የተባሉት አብያተ ክርስቲያናት ተመሠረቱ። «ጴንጤ» ያኔ የስድብ ስም ነበር፤ ዛሬ ባለቤቶቹም ይሉታል። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን፣ በሐምሌ 1971 ታፍነው ተወስደው ተገደሉ።

በሌላው ደጅ ያለው ሀብት ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ተአምረ ማርያም ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው፤ ልጃቸው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አደረጉ። ውስጡ ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቀው የበላዔ ሰብእ ታሪክ አለ። 78 ሰው የበላ ሰው፣ አንድ ቀን በእመቤታችን ስም ለለመነው ሕመምተኛ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተቀመጠች፤ ያ ሁሉ ደም በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃው በሌላው። ውሃው መዘነ። ከጎንደር እስከ ሸዋ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይህን ሥዕል እያየሁ ነው ያደግሁት። የካቲት 16 የእመቤታችንን ቃል ኪዳን፣ ኪዳነ ምሕረትን የሚያነግሠው ሰው ሁሉ ይቺን ጥርኝ ውሃ ያስባታል።

ከቃል ኪዳን አልፎ ማስረጃ በእጁ መያዝ የፈለገም ነበር። ልፋፈ ጽድቅ የሚባለው የብራና ጥቅል ከሟች ጋር ይቀበራል፤ ነፍስ በየበሩ የምታሳየው የይለፍ ወረቀት መሆኑ ነው። ብዙ ካህናት አይወዱትም። እኔ ግን አንዱን ጥቅል አቧራው ላዩ ላይ እንዳለ ሳየው፣ ማረጋገጫ መፈለግ የፕሮቴስታንት ብቻ አለመሆኑ ገባኝ።

ክርክሩ ዛሬ ከተጠመደባቸው ቦታዎች አንዱ ሮሜ 8፥34 ነው። ኦርቶዶክሱ የያዘው የሰማንያ አንዱ መጻሕፍት ትርጉም ክርስቶስን «የሚፈርደው» ሲል፣ ፕሮቴስታንቱ የያዘው «የሚማልደው» ይላል። ከዚህች ግሥ አንዱ ወገን የቅዱሳንን አማላጅነት፣ ሌላው ወገን የክርስቶስን ብቸኛ አማላጅነት ያወጣል። አንድ መሪጌታ እንዲህ አሉኝ፦ «ሕፃን በአርባና በሰማንያ ቀኑ ከተጠመቀ ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። ንስሓው፣ ቁርባኑ፣ ምጽዋቱ ስንቁ ነው። መንገደኛ ‹ደርሻለሁ› ካለ ወይ ቆሟል ወይ ጠፍቷል።» አንድ ፓስተር ደግሞ፣ «የዳነ ሰው ትዕቢተኛ ነው ይሉናል። ያልሠራበትን ደመወዝ የተቀበለ ሰው በምን ይኮራል?» አሉኝ። ሁለቱም አሳማኝ ናቸው። የፓስተሩ ደጅ ውስጥ ግን ሌላ ክርክር አለ፤ የዳነ ሰው መልሶ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም? በዚህ ጉዳይ ራሳቸው አብያተ ክርስቲያናቱ አንድ ቃል የላቸውም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳቅ እያለ፣ «እኔ ስድስት ጊዜ ጌታን ተቀብያለሁ። ኮንፈረንስ በመጣ ቁጥር ‹ያልዳነ አለ?› ሲሉ እጄ ብቻዋን ትነሣለች» ብሎኛል።

ከሁሉም በላይ ግን አእምሮዬ ውስጥ የቀሩት አንድ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በሰፈራቸው ሞት ለፍፈዋል።

«ድሮ ለቅሶ አንድ ነበር» ይላሉ። «አሁን ድንኳን ከመትከሌ በፊት ‹የማን ለቅሶ ነው?› እላለሁ። ስሙን እኮ አይደለም የምጠይቀው።»

ስለ ፕሮቴስታንት ለቅሶ ጠየቅኋቸው። «ይዘምራሉ። ደረት አይደቃም። እናቱ ሞታ የሚዘምር ሰው መጀመሪያ ሳይ ተቆጣሁ። ‹ወደ ጌታ ሄደች› ይላል፣ አውቶቡስ ተሳፍራ የሸኛት ይመስል። ኋላ ግን ቀናሁበት። እኔ እናቴን የሸኘኋት የት እንደደረሰች ሳላውቅ ነው።»

ታዲያ ለምን አልተከተሏቸውም?

«የኛ ሙት ተሸኝቶ አያልቅም። ፍትሐት፣ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። ወጪው ወገብ ይሰብራል። ነገር ግን ለእናቴ ዛሬም የማደርግላት ነገር አለኝ። ‹ደርሳለች፣ ጨርሰሃል› ካልከኝ እኔ ምን ልሁን?»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ሁለቱን ደጆች በአንድ ሚዛን መመዘን ከበደኝ። የልጅቷ እርግጠኝነት ቋሚውን ያሳርፋል፤ የሰውዬው ተዝካር ቋሚውን ከሟቹ ጋር ያቆየዋል። ደግሞም እርግጠኝነት እንደ ቤተ ክርስቲያኑ አይከፋፈልም። «አማኑኤል አይጥለኝም» ብለው ያለ አንዳች ፍርሃት የሞቱ ኦርቶዶክሳውያት አክስቶች አሉኝ። በየኮንፈረንሱ የምትነሣው እጅም የዚያ ተማሪ ብቻ አትመስለኝም። ሰው የሚለያየው በተስፋው ሳይሆን፣ ተስፋውን አፍ ሞልቶ ለመናገር በሚሰማው ፈቃድ ይመስለኛል።

ልዩነቱ መሬት ሲነካ ግን እንዲህ ለስላሳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መቀበር የሚፈቀደው ለአባሉ ነው፤ ፕሮቴስታንቱ የራሱ መካነ መቃብር ያስፈልገዋል፤ ቦታ የሚሰጠው መንግሥት ነው። በአንድ ከተማ ምእመናን ለዓመታት ሲጠይቁ እንደቆዩ ነግረውኝ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ኃላፊው መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሁለተኛው ቀን «ደብዳቤው ተመርቷል» አሉኝ፤ ወዴት እንደተመራ ስጠይቅ ስልካቸውን አነሡ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊያቸው ራሷ ስሜን ለይታ «ዛሬም የሉም» አለችኝ። እስከዚያው አስከሬን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ የሚጓዝ ቤተሰብ አለ። ዕድር ለሁለት የተከፈለበት፣ ልጅ በአባቱ ተዝካር ላይ ያልተገኘበት፣ ሠርግ የቀረበትም ሰፈር አለ። ጥሩምባ ነፊውም አሁን የሚያገለግሉት ከተከፈለው ዕድር ግማሹን ነው።

ሆስፒታል ባደርኩበት በዚያ ሳምንት፣ በአራተኛው ቀን፣ የአክስቴን ልብስ ልቀይር ብዬ ቤት ደርሼ ስመለስ የባልቴቷ አልጋ ባዶ ነበር። አንሶላው ተነሥቷል፤ የጠበሉ ጠርሙስ የለም። ልቤ ደነገጠ። ነርሷን አስቁሜ እንዴት እንደምጠይቃት ቃል አጥቼ፣ ጣቴን ወደ አልጋው ብቻ ቀሰርኩ።

«እሳቸው?» አለች፣ መዝገቧ ላይ እየጻፈች። «ድነው ወጡ።»